ኮምፒውተር ከውስጥ፦ ክፍሎቹ፣ ሥራቸውና በዝናባማው ደቡብ ምዕራብ የሚገጥማቸው

ኮምፒውተር መረጃ የሚቀበል፣ የተቀበለውን በታዘዘው መሠረት የሚያሰላ፣ ውጤቱን የሚያሳይና የሚያስቀምጥ መሣሪያ ነው። እነዚህን አራት ሥራዎች የሚከፋፈሉት ልዩ ልዩ ክፍሎች ናቸው። በእጅ የሚዳሰሱት ክፍሎች በጥቅሉ ሃርድዌር ሲባሉ፣ ሥራውን የሚመሩት ትእዛዞች ደግሞ ሶፍትዌር ይባላሉ። በሽያጭ ማስታወቂያ ላይ «ኮር አይ 5፣ 8ኛ ጄኔሬሽን፣ 8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ» ተብሎ የሚጻፈው ሁሉ የሃርድዌር መግለጫ ነው። ገዢው እያንዳንዱ ቃል የትኛውን ክፍል እንደሚመለከት ካላወቀ የማያስፈልገውን በውድ ይገዛል፤ የሚያስፈልገውን ደግሞ ሳይገዛ ይቀራል።

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የቡና አገር ይህ ዕውቀት ከሌላው ቦታ የበለጠ ዋጋ አለው። ከአዲስ አበባ በጅማና በቦንጋ አድርጎ ሚዛን ተፈሪ ለመድረስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ስለሚጠይቅ፣ የተበላሸ ዕቃ ቶሎ አይተካም። አካባቢው በአገሪቱ ዝናብ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ ቴፒ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። መብራትም ይጠፋል፣ ሲመለስም ኃይሉ ከፍ ዝቅ ይላል። በአንጻሩ የኮምፒውተር ሥራ ከዓመት ዓመት እየበዛ ነው። በ1999 ዓ.ም የተመሠረተው ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በቴፒ ግቢው የኮምፒውተርና የምህንድስና ትምህርት ይሰጣል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። የወረዳ ጽሕፈት ቤቱ፣ የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበሩና የፎቶ ኮፒ ቤቱም ሥራቸውን የሚሠሩት በዚሁ መሣሪያ ነው።

ከቁልፍ እስከ ዲስክ

ክፍሎቹ እንዴት ተያይዘው እንደሚሠሩ ለማየት አንድ ተራ ሥራ መከተል ይበቃል። አንድ ገበሬ ለኅብረት ሥራ ማኅበሩ 3 ፈረሱላ ጀንፈል ቡና አስረከበ እንበል። ፈረሱላ 17 ኪሎ ስለሆነ መዝጋቢው ኤክሴል ላይ 51 ብሎ ይጽፋል። ቁልፉ ሲነካ ኪቦርዱ የቁልፉን መለያ ቁጥር ይልካል። መለያው በማዘርቦርዱ በኩል አልፎ ፕሮሰሰሩ ዘንድ ይደርሳል። ፕሮሰሰሩ የትኛው ፕሮግራም እንደሚፈልገው ለይቶ ራም ላይ ይጽፈዋል፤ የግራፊክስ ክፍሉ ደግሞ አሃዙን ስክሪን ላይ ይስለዋል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ከአንድ ሰከንድ ትንሽ ክፍልፋይ ውስጥ ነው።

እስካሁን ግን 51 ኪሎው ያለው ራም ላይ ብቻ ነው። ወደ ዲስክ የሚጻፈው መዝጋቢው ሴቭ ሲያደርግ ነው። ከዚያ በፊት መብራት ከጠፋ ኮምፒውተሩ ሲከፈት ቁጥሩ የለም፤ ሚዛኑ ላይ የተነበበው በወረቀት ካልተያዘ ገበሬውና ማኅበሩ ይከራከራሉ። በዚህ አንድ ሥራ ውስጥ ዋና ዋናዎቹ ክፍሎች ሁሉ ተሳትፈዋል። ከዚህ በታች በየተራ ይታያሉ።

ፕሮሰሰር

ብዙ ሰው ሲፒዩ የሚለው ጠረጴዛ ስር የሚቀመጠውን ሳጥን ነው። ሲፒዩ ወይም ፕሮሰሰር ግን በሳጥኑ ውስጥ ማዘርቦርዱ ላይ የተተከለ፣ ጎኑ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ጠፍጣፋ ዕቃ ነው፤ ሳጥኑ ኬዝ ይባላል። ስሌቱን ሁሉ የሚሠራው ፕሮሰሰሩ ሲሆን፣ ሥራውን የሚያከናውነው ኤሌክትሪክን በሚከፍቱና በሚዘጉ እጅግ ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች ነው። ትራንዚስተር ይባላሉ። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1971 ለገበያ ያወጣው 4004 የተሰኘ ፕሮሰሰር 2,300 ትራንዚስተሮች ነበሩት፤ የዛሬዎቹ በቢሊዮን የሚቆጠሩ አሏቸው።

የፕሮሰሰር ፍጥነት የሚለካው በጊጋኸርዝ ነው። 2.4 ጊጋኸርዝ ማለት በአንድ ሰከንድ 2.4 ቢሊዮን ምት ማለት ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው የግል ኮምፒውተር 4.77 ሜጋኸርዝ ነበር፤ ይህም በሰከንድ አምስት ሚሊዮን የማይሞላ ምት ነው። ኮር የሚባለው ደግሞ በአንድ ፕሮሰሰር ውስጥ ራሱን ችሎ የሚያሰላ ክፍል ነው። አራት ኮር ያለው ፕሮሰሰር አራት ሥራ ጎን ለጎን ማስኬድ ይችላል።

ገበያ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በኮር አይ 3፣ አይ 5 እና አይ 7 ላይ ነው። እነዚህ ቁጥሮች በአንድ ትውልድ ውስጥ ያለውን ደረጃ እንጂ የኮሮችን ብዛት አያመለክቱም። ትውልዱ ወይም ጄኔሬሽኑ የሚታወቀው ከሰረዙ በኋላ ከሚመጣው ቁጥር ነው፦ አይ 5-8250 ስምንተኛ ትውልድ ነው፣ አይ 7-3520 ደግሞ ሦስተኛ። የላፕቶፕ ፕሮሰሰር የሆነው ይህ አይ 7 ሁለት ኮር ብቻ ሲኖረው፣ ያኛው አይ 5 አራት ኮር አለው፤ በሥራም በብዙ ይበልጠዋል። ስለዚህ «አይ 7 ነው» የሚል ቃል ብቻውን ዋጋ አይወስንም። ትውልዱ በሌላም ምክንያት ይፈለጋል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አቁሟል፤ ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በአብዛኛው 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ያሉትን ነው የሚቀበለው። ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ይህንኑ ነው።

ራም

ራም ፕሮሰሰሩ አሁን እየሠራበት ያለው መረጃ የሚቀመጥበት ጊዜያዊ ማህደር ነው። የቡና ማስጫ አልጋና መጋዘን ያለውን ልዩነት የሚያውቅ ሰው የራምና የዲስክን ልዩነት ለመረዳት አይቸገርም፤ ሥራው የሚሠራው አልጋው ላይ ነው፣ የሚከማቸው ግን መጋዘን ውስጥ ነው። ራም ከዲስክ እጅግ ይፈጥናል፤ ሆኖም የያዘውን ይዞ የሚቆየው ኤሌክትሪክ እስካለ ድረስ ብቻ ነው።

ራም ሲያንስ ኮምፒውተሩ የተረፈውን ሥራ ዲስክ ላይ እያስቀመጠ መልሶ ያነሣል። ዲስክ ከራም በብዙ ስለሚዘገይ ሁሉም ነገር ይጓተታል። ብዙ ገጽ ከፍቶ ኢንተርኔት የሚጠቀም ሰው «ኮምፒውተሬ ደከመ» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋ ራም ይፈልጋል፤ ለቢሮ ሥራ ሳይጨናነቅ የሚያሠራው ግን 8 ጊጋ ነው። ራም ሲጨመር ዓይነቱ መመሳሰል አለበት። ዲዲአር 3 የሚባለው ዲዲአር 4 በሚቀበል ማዘርቦርድ ላይ አይገባም፤ ጥርሱ ላይ ያለው ስንጥቅ ቦታው ስለሚለያይ በግድ ቢገፋ ይሰበራል።

በእርጥብ አካባቢ ራም ከሁሉ በፊት የሚያስቸግርበት ጊዜ አለ። ዴስክቶፑ ሲከፈት ማራገቢያው እየዞረ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ከቀረና ቢፕ ቢፕ የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ ብዙ ጊዜ የራሙ መገናኛ ጥርሶች በእርጥበትና በአቧራ ቆሽሸዋል ማለት ነው። ባለሙያዎች ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅለው፣ በሰውነት ላይ ያለው የማይታይ ኤሌክትሪክ እንዲወጣ የኬዙን ብረት ነክተው፣ ራሙን ያወጡና ወርቃማ ጥርሶቹን በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብለው ያሻሉ። ፍርፋሪውን ጠርገው መልሰው ሲሰኩት ኮምፒውተሩ ብዙ ጊዜ ይነሣል። ይህን የማያውቅ ባለቤት ግን ጤነኛውን ኮምፒውተር «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» ብሎ ይጥለዋል።

ማከማቻ፦ ሃርድ ዲስክና ኤስኤስዲ

ሴቭ የተደረገ ሥራ መብራት ቢጠፋም የሚቆየው በማከማቻው ላይ ነው። ሁለት ዋና ዓይነት አለ። ሃርድ ዲስክ መግነጢሳዊ ሽፋን ያላቸው ክብ ሳህኖች አሉት፤ ሳህኖቹ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይሽከረከራሉ፣ የሚያነበውና የሚጽፈው ጫፍም ሳህኑን ሳይነካ ለዓይን በማይታይ ክፍተት ላይ ይንሳፈፋል። በዚያ ፍጥነት ላይ እያለ ቢወድቅ ወይም ቢናጥ ጫፉ ሳህኑን ይቧጥጠዋል፤ የተቧጠጠው መረጃም አይመለስም። ስለዚህ ሃርድ ዲስክ ያለው ላፕቶፕ እንደበራ ተይዞ መኪና ላይ መውጣት የለበትም።

ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ መረጃውን የሚይዘው እንደ ፍላሽ በኤሌክትሮኒክ ቺፕ ላይ ነው። መናጥን ይቋቋማል፣ ኃይል ይቆጥባል፣ ፍጥነቱም ሌላ ነው። የተለመደ ሃርድ ዲስክ በሰከንድ ከ100 እስከ 150 ሜጋባይት ገደማ ሲያነብ፣ ሳታ የሚባለው ኤስኤስዲ እስከ 550 ሜጋባይት ገደማ ያነባል፤ ኤንቪኤምኢ የሚባለው ደግሞ ከዚያም በብዙ እጥፍ ይፈጥናል። አሮጌ ላፕቶፕን ለማደስ ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ በኤስኤስዲ የመተካትን ያህል ውጤት የሚሰጥ ወጪ የለም።

የባይት ስሌት

የማከማቻ መጠን የሚለካው በባይት ነው። አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በተባለውና ዛሬ በብዛት በሚሠራበት አጻጻፍ ሦስት ባይት ይይዛል። «ቡና» የሚለው ቃል እንግዲህ ስድስት ባይት ነው። በየገጹ 1,500 ፊደል ያለው ባለ 300 ገጽ የአማርኛ መጽሐፍ 1.35 ሚሊዮን ባይት ገደማ ይሆናል። ይህ ቀድሞ በነበረው 1.44 ሜጋባይት ፍሎፒ ዲስክ ላይ ለጥቂት ይገባል፤ በ8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ግን ከ5,900 በላይ እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ይገባሉ። ቦታ የሚጨርሱት ጽሑፎች ሳይሆኑ ፎቶና ቪዲዮ ናቸው።

የግዕዝ ፊደላት ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ ውስጥ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ በደቡብ ምዕራብ ለሚነገረው ለሜኒት ቋንቋ ጽሕፈት የሚያገለግሉ ተጨማሪ ፊደላት ገብተዋል። ኪቦርዱ ላይ ያሉት ቁልፎች ግን ከመቶ ጥቂት ስለሚበልጡ ለሁሉም ፊደል የሚበቃ ቁልፍ የለም። ስለዚህ በድምፅ የሚያስጽፉ ሶፍትዌሮች ብዙ ጊዜ ሁለት ቁልፍ አጣምረው አንድ ፊደል ያወጣሉ።

አንድ ነጥብ ብዙ ገዢዎችን ያጠራጥራል። 500 ጊጋባይት ተብሎ የተሸጠ ዲስክ ዊንዶውስ ላይ ሲታይ 465 ብቻ ይላል፤ 256 የተባለውም 238 ይላል። ሻጩ አላታለለም። አምራቹ አንድ ጊጋባይትን አንድ ቢሊዮን ባይት አድርጎ ሲቆጥር፣ ዊንዶውስ ግን 1,073,741,824 አድርጎ ስለሚቆጥር ነው።

ማዘርቦርድና ትንሿ ባትሪ

ማዘርቦርድ ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበትና እርስ በርስ የሚገናኙበት ሰሌዳ ነው። የትኛው ፕሮሰሰርና የትኛው ራም እንደሚገባ የሚወስነው እሱ ነው። በላዩ ላይ ሲአር 2032 የምትባል፣ ሳንቲም የምታህል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች። ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ቢሆን ሰዓቱና ቀኑ እንዲቆጠር የምታደርገው እሷ ናት። ባትሪዋ ስትሞት ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የኢንተርኔት ገጾችም «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያሉ አይከፈቱም። ምክንያቱም የገጾቹ የደኅንነት ማረጋገጫ የሚያገለግለው በተወሰነ ቀን ውስጥ ብቻ ነው። ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተሞላም ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ስለሚጎድል ይኸው ችግር ይመጣል። ዋጋዋ ትንሽ የሆነች ባትሪ በመቀየር ወይም ቀኑን በማስተካከል ብቻ የሚፈታ ችግር ነው።

ኃይል

በኢትዮጵያ ከሶኬት የሚመጣው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። ፕሮሰሰሩ የሚፈልገው ግን አንድ ቮልት ገደማ ነው። በመካከል ያለውን ሥራ የሚጀምረው ፓወር ሰፕላይ ሲሆን፣ 220 ቮልቱን ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ዝቅ ያደርገዋል። ቀሪውን ማዘርቦርዱ ይጨርሳል። በአንዳንድ የቆዩ ፓወር ሰፕላዮች ጀርባ ላይ 115 እና 230 የሚል ቀይ ማዞሪያ አለ። ከአሜሪካ በእርዳታ የመጣ ዴስክቶፕ ማዞሪያው 115 ላይ እንዳለ ቢሰካ ወዲያው ይቃጠላል፤ ከመሰካቱ በፊት ወደ 230 መገፋት አለበት። የላፕቶፕ ቻርጀር ግን ላዩ ላይ «100–240 ቮልት» የሚል ከሆነ ያለ ሥጋት ይሰካል።

የዴስክቶፑ ኬዝ ሲነካ እጅ የሚነዝር ከሆነ ሶኬቱ የመሬት መስመር የለውም ማለት ነው። ይህ ለሰውም ለዕቃውም አደጋ ስለሆነ በኤሌክትሪክ ሠራተኛ መስተካከል አለበት። ነጎድጓድ በሚበዛበት ወቅት ደግሞ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ መብረቅ በኔትወርክ ገመድም ስለሚገባ ሁለቱም ገመዶች መነቀል አለባቸው።

ስታብላይዘር ከፍ ዝቅ የሚለውን ኃይል ያስተካክላል፤ መብራት ሲጠፋ ግን እሱም ይጠፋል። ዩፒኤስ ባትሪ ስላለው መብራት በጠፋበት ቅጽበት ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ይቀጥላል። የተለመደው 650 ቪኤ ዩፒኤስ አንድ ዴስክቶፕ የሚያቆየው ለደቂቃዎች ነው፤ የተሠራውም ሥራ ተቀምጦ ኮምፒውተሩ በሥርዓት እንዲዘጋ እንጂ ቀኑን ሙሉ ሊያሠራ አይደለም። የሌዘር ፕሪንተር በሚያሞቅበት ጊዜ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ከዩፒኤሱ ባትሪ ላይ አይሰካም። የዩፒኤስ ባትሪ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል፤ ከዚያ በኋላ ዩፒኤሱ ሳይጣል ባትሪው ብቻ ይቀየራል።

ሙቀት፣ አቧራና እርጥበት

ፕሮሰሰር ሲሠራ ይሞቃል። ሙቀቱን የሚያወጡት በላዩ ላይ የተገጠመው ብረትና ማራገቢያው ናቸው፤ በብረቱና በፕሮሰሰሩ መካከል ሙቀት የሚያስተላልፍ ቅባት ይቀባል። ብረቱ በአቧራ ሲደፈን ወይም ቅባቱ ሲደርቅ ፕሮሰሰሩ ራሱን ከመቃጠል ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ከባሰም ኮምፒውተሩ ድንገት ይጠፋል። አቧራ እንዳይገባ በሚል ኮምፒውተርን በጥልፍ ጨርቅ መሸፈን የተለመደ ነው። ጠፍቶና ቀዝቅዞ ከሆነ ጥሩ ነው፤ እየሠራ እያለ ግን ጨርቁ አየሩን ስለሚዘጋበት ይጎዳዋል።

እርጥበት የሚጎዳው በዝግታ ነው። የብረት መገናኛዎችን ያዝጋል፣ ከአቧራ ጋር ሲገናኝም ኤሌክትሪክ በማይገባው መንገድ እንዲያልፍ ያደርጋል። በክረምት ለሳምንታት ሳይከፈት የሚቀመጥ ኮምፒውተር ከሚሠራበት ይልቅ ቶሎ ይበላሻል፤ ሲሠራ የሚፈጥረው ሙቀት እርጥበቱን ያባርርለታል። የትምህርት ቤት ኮምፒውተሮች ክፍሉ ተቆልፎባቸው ክረምቱን ከሚያሳልፉ በሳምንት አንዴ ሁለቴ ቢከፈቱ ዕድሜያቸው ይረዝማል። ከወለል ከፍ ማድረግ፣ ከግድግዳ ማራቅና የተከፈተ ቀዳዳን መዝጋትም ይጠቅማል፤ ሞቃት ኬዝ ውስጥ ጉንዳንና በረሮ መግባት ይወዳሉና።

ስክሪንና መሰኪያዎች

የስክሪን ስፋት በኢንች የሚለካው ከማዕዘን እስከ ተቃራኒ ማዕዘን ነው፤ አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር ነው። ጥራቱን የሚወስነው የነጥቦች ወይም የፒክሰሎች ብዛት ነው፤ ፉል ኤችዲ የሚባለው 1,920 በ1,080፣ ማለትም ከሁለት ሚሊዮን በላይ ፒክሰል አለው። በየትምህርት ቤቱ ያሉ የቆዩ ፕሮጀክተሮች ቪጂኤ የሚባለውን ባለ 15 ቀዳዳ ሰማያዊ መሰኪያ ሲጠቀሙ፣ ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ኤችዲኤምአይ እንጂ ቪጂኤ የላቸውም። ሁለቱን የሚያገናኝ መለወጫ አስቀድሞ መያዝ ይጠቅማል። ዩኤስቢም በትውልድ ይለያያል፦ ዩኤስቢ 2.0 በሰከንድ እስከ 480 ሜጋቢት፣ ዩኤስቢ 3.0 እስከ 5 ጊጋቢት ያስተላልፋል። ዩኤስቢ 3.0 ብዙ ጊዜ በውስጡ ባለው ሰማያዊ ቀለም ይታወቃል። አንድ ባይት ስምንት ቢት መሆኑን መርሳት አይገባም፤ የኢንተርኔት ፍጥነት የሚነገረው በቢት፣ የፋይል መጠን የሚነገረው ደግሞ በባይት ነው።

ምን ይቅደም?

ሻጭም ገዢም ብዙ የሚያወራው ስለ ፕሮሰሰር ነው። በሚዛን፣ በቴፒና በአካባቢው ሥራ የሚያስተጓጉለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው፦ ድንገት የሚጠፋ መብራት፣ በጉዞ የተናጠ ዲስክ፣ በእርጥበት የቆሸሸ መገናኛ። ስለዚህ በውስን ገንዘብ ለቢሮ ወይም ለትምህርት ኮምፒውተር የሚገዛ ሰው 8ኛ ትውልድ የሆነ አይ 3 ወይም አይ 5 ካገኘ ከዚያ በላይ ለፕሮሰሰር መክፈል አያስፈልገውም። የተረፈውን በመጀመሪያ ለኤስኤስዲ፣ ቀጥሎ ለ8 ጊጋ ራም ያውለው፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ደግሞ ያለ ዩፒኤስ አይሥራ። ዲስክ ሁሉ አንድ ቀን ይበላሻልና የሥራው ሁለተኛ ቅጂ ሌላ ዲስክ ላይ፣ ሌላ ቤት ውስጥ ይቀመጥ። ኮምፒውተር ቢቃጠል በገንዘብ ይተካል፤ የአንድ ዓመት የቡና ርክክብ መዝገብ ከጠፋ ግን በገንዘብ አይተካም።